እግራቸውን ብቻ ያየሁባቸው እናት

ይህን ለንስሐ አባቴ ተናዝዤዋለሁ። ቀኖናዬን ተቀብዬ ጾሙንም ስግደቱንም ፈጽሜያለሁ። እንደ ሥርዓቱ ከሆነ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር፤ ልቤ ግን አላረፈልኝም። ያጠፋሁት በጓዳ አልነበረምና። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቡና ቀርቦ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው የአንዲት እናትንና የልጃቸውን ስም ያጠፋሁት። በሰው ፊት የተናገርኩትን በሰው ፊት ካልመለስኩ፣ እግዚአብሔር ይቅር ቢለኝ እንኳ እሳቸው ላይ የለጠፍኩት ስም ከእሳቸው ጋር ይኖራል። በጋሞ ደጋ ጎሜ የሚባለውን የተከለከለ ነገር የሠራ ሰው ጥፋቱን ሆዱ ውስጥ ይዞ አይቀመጥም፤ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት በዱቡሻው አደባባይ አውጥቶ ይናገራል። እኔም የምናገርበት አደባባይ ይህ ጽሑፍ ይሁንልኝ።

የእናትየዋንም የልጅቷንም ስም አልጠራም፤ ቀበሌያቸውንም አልጠቁምም። ስማቸውን አንድ ጊዜ በክፉ አንስቼዋለሁ፤ ይበቃቸዋል።

ያደግኩት አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ነው። ወንድሜ መምህር ሆኖ በመጀመሪያ የተመደበው ወደ ጨንቻ በኩል ነበር። ጊዜው 1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ለበዓል ወደ ቤት በወረደበት አንድ ቀን ለአባታችን «ላገባ ነው» አለው። ልጅቷ የሸማኔ ልጅ ናት፤ ጨዋ ናት፤ ትምህርቷንም እየተከታተለች ነበር። አባቴ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እንደ ወጉ የልጅቷ ቤተሰብ መጣራት ነበረበት። አጥንት መቁጠር የምንለው ነው። እኔ የቤቱ ታላቅ ነኝ፤ ዓይኔም አፌም ፈጣን ነው ተብሎ እታመን ነበርና ተላክሁ።

ጋቢ ላሠራ የመጣሁ መስዬ ሄድኩ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። የአርባ ምንጭ ሙቀት፣ ማንጎውና ሙዙ ከኋላ ይቀራል፤ መኪናው ጠመዝማዛውን ዳገት ሲያያዘው አባያና ጫሞ ከታች እየራቁ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ቀርከሃው፣ እንሰቱና ጭጋጉ ይቀበላል። በዝናብ የራሰው ቀይ አፈር ጫማ ላይ እንደ ማጣበቂያ ይይዛል። የጫማዬን ጭቃ በእንጨት እየፋቅሁ ነበር ደጃቸው የደረስኩት። በዚያው ጭቃ ላይ በባዶ እግሩ የሚሄደው ሰው ብዛት ለእኔ አዲስ ስላልነበረ ልብም አላልኩት።

እናትየዋ ከደጃፉ ላይ ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ሳሮ ብለው ተቀበሉኝ፤ ከዚያ በአማርኛ ቀጠሉ። ገብቼ ስቀመጥ ዓይኔ እግራቸው ላይ አረፈ። ሁለቱም እግሮች ከቁርጭምጭሚት በታች አብጠዋል፤ ግራው ይብሳል። ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻክሯል፤ ጣቶቹ መሐል እብጠት እብጠት ወጥቶ ጣቶቹ ተለይተው አይታዩም። ከአንዱ ስንጥቅ ውኃ ነገር ይወጣ ነበር፤ ዝንብ ያርፍበታል፤ ሽታም ነበረው። ማየቴን አዩ። ምንም ሳይሉ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀሚሳቸው ሥር ሸሸጉት። ፈትሉን ግን አላቋረጡም። ያ ክር እንዴት ያለ ቀጭን ክር እንደነበር ዛሬ ትዝ ይለኛል፤ ያኔ ግን እጃቸውን አላየሁላቸውም።

ቆጮ በአይብና በዳጣ አቀረቡ። ከዚያ ቤት ምንም ልቀምስ አልፈለግሁም። ስለዚህ «ጾም ይዣለሁ» አልኳቸው። ውሸት ነበር። እሳቸውም ክርስቲያን ናቸውና ጾም የያዘን ሰው አያስገድዱም። ሳህኑን አንስተው «እግዚአብሔር ይቀበልልሽ ልጄ» አሉኝ። በሕይወቴ ብዙ ውሸት ተናግሬ ይሆናል፤ የእግዚአብሔርን ስም ለመጸየፍ መሸፈኛ ያደረግሁበት ግን ይህ ነው። ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ ከሁሉ በላይ አፌ ላይ የከበደኝም ይኸው ነበር።

ልጅቷ ከምንጭ ውኃ ይዛ ስትገባ አየኋት። የሚያምር ፊት ነበራት። እግሯ ላይ ኮንጎ ጫማ አድርጋለች። ጓሮ ስትወጣም አላወለቀችውም፤ ቤት ስትገባ እግሯን ታጥባ መልሳ አደረገችው። በዚያ ዘመን በዚያ ሰፈር ጫማ ለበዓልና ለትምህርት ቤት ነበር። ይህች ልጅ ጓሮ ለመውጣት ጫማ ማድረጓ ሊያስገርመኝና ሊያስጠይቀኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የእናቷን እግር አይቼ ጨርሻለሁ።

ቤት ስመለስ አባቴ፣ አጎቶቼና አክስቶቼ ቡና እየጠጡ ይጠብቁኝ ነበር። «ዘራቸው ልክ አይደለም» አልኩ። «እናትየዋ ዝሆኔ አለባቸው፤ ነገ ልጅቷም ትደግማለች፤ ከዚያ ወደ ልጆቿ ነው።» አንዷ አክስቴ መተት ረግጠው ይሆናል አለች፤ አንዱ አጎቴ የአባት እርግማን ነው አለ። አላረምኳቸውም፤ እንዲያውም ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያም ከንፈሬን መጠጥኩ። «ያሳዝናሉ» አልኩ፤ «ሴትየዋ ግን ደግ ናቸው።» ሽማግሌ ሳይላክ ቀረ። ወሬው ደጋ ለመድረስ ጊዜ አልወሰደበትም። ምክንያቱ ታወቀ፤ ከዚያ በኋላ ያችን ልጅ ከአካባቢው የጠየቃት አልነበረም። ጥቂት ቆይታ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ሸማኔ ዘመዶቿ ዘንድ ገባች።

ስለዚያች «ያሳዝናሉ» ስለምትል ቃሌ ብዙ አስቤያለሁ። ጨካኝ አልነበርኩም ብዬ ራሴን ያጽናናሁት በእርሷ ነበር። እውነትም አዝኜላቸው ነበር፤ አንጀቴን በልተውታል። ነገር ግን ያዘንኩላቸው ለሞተ ሰው እንደሚታዘነው ነው። እግራቸው ሊሻል ይችላል ብዬ አላሰብኩም። ልጅቷ ጤነኛ ልትኖር ትችላለች ብዬ አላሰብኩም። ተስፋ የሌለበት ሐዘኔታ ብያኔ ነው፤ ከንፈር መምጠጤ ፍርዴን የማተምበት ማኅተም ነበር። ክርስትናችን ለሰው እንድንራራ ብቻ አይጠይቀንም፤ ሰውየው ነገ ምን ሊሆን እንደሚችል እግዚአብሔር በሚያይበት ዓይን እንድንጠብቅም ይጠይቀናል። እኔ የመጀመሪያውን ያደረግሁ መስሎኝ ሁለተኛውን ጨርሶ አላሰብኩትም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። በዚያው ዓመት ለልጆች ካስተማርኳቸው ክፍሎች አንዱ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ነው። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው፣ እሱ ነው የበደለው ወይስ ወላጆቹ ብለው ይጠይቃሉ። ጌታችን እሱም እነሱም አይደሉም ብሎ ይመልስላቸዋል። ልጆቹን ይህን በቃላቸው አስያዝኳቸው፤ ጠየቅኳቸው፤ ለመለሱት አጨበጨብኩ። ደቀ መዛሙርቱ የጠየቁትን ጥያቄ እኔ ጨንቻ ደጋ ላይ ሳልጠይቅ መልሼ መጥቻለሁ፤ ያውም ጌታ አይደለም ያለውን መልስ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ሳይነካኩ እንዴት ጎን ለጎን እንደኖሩ ለማስረዳት አልችልም።

ጸሎተ ሐሙስም አለ። ካህናቱ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር ሲያጥቡ በየዓመቱ እግሬን ዘርግቻለሁ። ከቤት ስወጣ ታጥቤ፣ ጥፍሬን ቆርጬ ነበር የምሄደው። እናትየዋ በዚያ ቀን የት እንደነበሩ የነገሩኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከቅጥሩ ውጭ ካለው ዛፍ ሥር ይቆሙ ነበር። ውስጥ ሲገቡ አጠገባቸው ያለው ሰው ቀስ እያለ ይሸሻል። በተለይ በዚያ ቀን «ይህን እግር ለካህን እንዴት እሰጣለሁ» ብለው ጭራሽ ወደ በሩም አይጠጉም። ማንም አልከለከላቸውም፤ ማንምም አልጠራቸውም።

አሁን ስለ በሽታው የተረዳሁትን ልንገራችሁ፤ ይህን ያኔ የነገረኝ ቢኖር ብዬ ስለምቆጭ ነው። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። መተቱም፣ እርግማኑም የለበትም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ትንኝ ከሚያስተላልፈው ሌላው የእግር እብጠትም ይለያል። ምክንያቱ አፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በመጣ፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ላይ ባለ ቀይ ሸክላ አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ የማዕድን ቅንጣቶች አሉ። በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ቅንጣቶቹ በቆዳ ዘልቀው ይገባሉ፤ ከሰውነት ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያቆስላሉ፤ ይዘጋሉ። ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግር ያብጣል። ይህን ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስረዱት በኢትዮጵያ ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። በአገራችን ዛሬ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚኖር ይገመታል። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎጃም፣ ሲዳማ፤ ቀይ አፈርና ባዶ እግር በተገናኙበት ሁሉ አለ።

አክስቶቼ «ዘር ነው» ሲሉ ከምንም ተነስተው አልነበረም፤ ይህንንም አልሸሽግም። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰው ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከወላይታ በተገኘ መረጃ ያሳተሙት ጥናት አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለዚህ አፈር ተጋላጭ እንደሚሆን አሳይቷል። ነገር ግን ተጋላጭ የሆነውም ሰው እግሩ አፈሩን ካልነካ አይታመምም። ሞሮኮ፣ አልጄሪያ፣ ቱኒዚያና የካናሪ ደሴቶች በሽታው ነበረባቸው፤ ሕዝቡ ጫማ መልበስ ሲለምድ ጠፋ። የሰዉ ዘር አልተለወጠም፤ እግሩ ላይ ያለው ተለወጠ። ያቺ ልጅ ኮንጎዋን ለምን እንደማታወልቅ የገባኝ ይህን ባወቅሁ ቀን ነው። እናቷ ሐኪም ሳይነግራቸው፣ በራሳቸው ሥቃይ፣ አፈሩን ጠርጥረውት ነበር። ፈትል ሸጠው በሚያገኟት ሳንቲም ለራሳቸው ሳይሆን ለልጃቸው ጫማ ገዙ። እኔ አጥንት ልቆጥር ሄጄ ያልቆጠርኩት ይህን ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጊዜ መንቃት ነበረብኝ፤ አልነቃሁም። መስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። በቡራዩና አካባቢዋ ሰው ተገድሎ፣ ሺዎች ተፈናቅለው፣ ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ የጋሞ፣ በተለይም የዶርዜ ልጆች ሆነው መርዶው አርባ ምንጭ ሲገባ ከተማው ነደደ። ወጣቱ ለበቀል ወጣ። ያኔ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው መንገዱ ላይ ወጡ፤ በወጣቱ ፊት ተንበረከኩ። ሳር ይዞ የተንበረከከ አባትን አልፎ መሄድ በጋሞ ዘንድ ጎሜ ነው። ወጣቱ ቆመ። በከተማችን የሚኖሩ የሌላ ብሔር ተወላጆች ያን ቀን በእነዚያ አባቶች ጉልበት ተረፉ። አገር ሁሉ አየ፤ እኔም አለቀስኩ። ለማያውቁት ሰው፣ ያውም የልጆቻቸው ሐዘን ሳይወጣላቸው፣ ሽማግሌዎች ጭቃ ላይ ሲንበረከኩ እያየሁ በክርስትናዬም በጋሞነቴም ኮራሁ። ለሳምንታት ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ።

የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ ይባላል። እነዚያ አባቶች የተንበረከኩት ሰውን ከወገኑ ጥፋት ለይተው ስላዩት ነው፤ ይህ ሰው በዚያ ሰው ሥራ አይጠየቅም ብለው። እኔ ልጅን በእናቷ እግር ጠይቄ፣ ፈርጄ፣ ሕይወቷን ዘግቼ ስመለስ ማንም ሳር ይዞ ፊቴ አልቆመም። ያን ሰሞን ስለ አባቶቻችን ስናወራ እናትየዋ ትዝ ብለውኝ ነበር፤ ይህንን አልክድም። ሐሳቡ መጣ፤ ወዲያው ወሬ ለወጥኩ።

የነቃሁት በኋላ፣ በተራ ቀን ነው። አንዲት ወጣት የጤና ባለሙያ ሰንበት ትምህርት ቤታችን መጥታ ስለ እግር ንጽሕና አስተማረች። ጥቂት ሥዕል ይዛለች፤ ከቀይ አፈር ጀምራ እስከ ጫማ ድረስ በሰላሳ ደቂቃ ጨረሰችው። ከፊት የተቀመጡ ልጆች ይሳሳቃሉ፤ እኔ ጉልበቴ ከዳኝ። መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣ ነበር፤ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገሩንም አልኩ። ቆይቶ ግን ወላይታ ሶዶ ብዙም ሩቅ እንዳልሆነ አሰብኩ። እዚያ በእኛ አቆጣጠር ገና በ1990ዎቹ፣ ሚስዮናዊው ሐኪም ናታን ባርሎው ያስጀመሩት ሥራ ለእነዚህ ሕመምተኞች እግር ማጠቢያና ጫማ ያቀርብ ነበር፤ የተሻላቸው ሕመምተኞችም ራሳቸው ሌላውን እያጠቡ ያስተምሩ ነበር። አልነገሩኝም ማለት ስለማልችል አልጠየቅሁም ማለት ቀረልኝ። እኔ ደጋ የወጣሁት ለማጣራት ነበር፤ የማጣራው ግን መልሱን ይዤ ነበር።

ሰንብቼ ወደ ደጋ ወጣሁ። ፍርሃቴ በሕይወት አላገኛቸው ይሆን የሚል ነበር። በሕይወት አሉ። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ የሽመና ጉድጓዱ ቤቱ ውስጥ አለ፤ የሚሸምንበት ልጅ ግን የለም። የደረስኩት እግራቸውን በሚታጠቡበት ሰዓት ነበር። ጤና ጣቢያ ከተማሩ ወዲህ በየቀኑ ያደርጉታል። ሰማያዊ ሳፋ ላይ ውኃ ሞልተው ትንሽ በረኪና ጠብ አድርገዋል። እግራቸውን ነክረው ቆዩ፤ ከዚያ በሳሙና ከላይ ወደ ታች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየለያዩ አጠቡ። ጣቶቹ አሁን ተለይተው ይታያሉ። በንጹሕ ጨርቅ በተለይ መሐል መሐሉን አደረቁ፤ ቫዝሊን ቀቡ፤ ካልሲ አድርገው ሰፋ ተደርጎ የተሠራላቸውን ጫማ አጠለቁ። ሽታ የለም። እብጠቱ አልጠፋም፤ ግን ቀንሷል፤ ቆዳው ለስልሷል። ድሮ በየጊዜው እየተነሳ አልጋ ላይ የሚጥላቸው ትኩሳትም ራቅ ራቅ ብሎ እንደሚመጣ ነገሩኝ። በምሥራቅ ጎጃም የተደረገ አንድ ሰፊ ጥናትም ይህ መታጠብና መቀባት የትኩሳቱን ድግግሞሽ ከአምስት አንድ እጅ ያህል እንደቀነሰው አሳይቷል። መታጠብ፣ ሳሙና፣ ጫማ። እኔ የማይድን ያልኩት ይኸው ነው።

ሲያደርቁ ጨርቁን ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ «ተይ፣ እኔ እችላለሁ» አሉኝ። ትክክል ነበሩ። እሳቸውን በማጠብ ራሴን ላጥብ ፈልጌ ነበር።

ተንበርክኬ የሠራሁትን ነገርኳቸው። ጋቢ ልታሠራ የመጣችው ሴት እኔ መሆኔን አውቀዋል። የወንድሜን ነገር ያፈረሰው የእኔ ወሬ መሆኑንም ያውቁ ነበር፤ ደጋ ውስጥ ወሬ አይደበቅም። ዝም ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ «ልጄ፣ ያን ቀን ማክሰኞ ነበር» አሉኝ። ሌላ አላሉም። ጾም እንዳልነበረ ያኔውኑ አውቀዋል። አውቀውም «እግዚአብሔር ይቀበልልሽ» ብለው መርቀውኝ ነበር። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «እኔን የሚያይ ሰው ሁሉ እንዳንቺ ነው የሚያየኝ፤ በአንቺ ብቻ አልፈርድም» አሉኝ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ። የልጄን ይቅርታ ግን እኔ ልሰጥሽ አልችልም፤ እሷን ጠይቂ።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ምሕረታቸው ግን ድንበር ነበረው፤ ድንበሩም ፍትሕ ነው። የእኔ ኃጢአት ሁለት ሰው ላይ ነው፤ ሁለቱም በየራሳቸው ይጠየቃሉ።

ልጅቷን ሽሮ ሜዳ አገኘኋት። አሁን የራሷ ሱቅ አላት፤ የሐበሻ ልብስ ትሸጣለች፤ የልጆች እናት ናት፤ እግሯ ጤነኛ ነው። ይቅርታዬን ጨርሼ እንድናገር ፈቀደችልኝ። ከዚያ «እናቴን በየጊዜው ጠይቂያት፤ እኔን ግን ተይኝ» አለችኝ። ሻይ እንኳ አላቀረበችልኝም፤ እኔም ይገባኛል ብዬ አልጠበቅሁም። ስወጣ ከልቤ ያልወጣው አንድ ነገር ነው። የእኔ ፍርድ ያቺን ልጅ አላጠፋትም፤ እግዚአብሔር ሌላ መንገድ ሰጣት። ይህ ግን እኔን ነፃ አያወጣኝም። እሷ ቆማ የሄደችው በእናቷ ጫማና በእግዚአብሔር ቸርነት እንጂ እኔ መንገድ ለቅቄላት አይደለም።

እናቷን አሁን እጠይቃለሁ። ሳሙናና በረኪና ይዤ እወጣለሁ፤ ያቀረቡልኝን እበላለሁ። ባለፈው ጸሎተ ሐሙስ አብረን ሄድን። ስለ እግራቸው ለካህኑ አስቀድሜ ልንገር ብላቸው አልፈቀዱልኝም። «እንደማንኛውም ሰው እገባለሁ» አሉ። ገቡ፤ ጫማቸውን አወለቁ፤ ተራቸውን ጠበቁ። ካህኑ ጎንበስ ብለው እንደሌላው ሁሉ አጠቧቸው። ከኋላችን ከተሰለፉት ውስጥ ሁለት ሴቶች ወደ ሌላው ሰልፍ ዞሩ። እሳቸው አላዩም ወይም እንዳላዩ ሆነው አለፉ። እኔ ሴቶቹን አውቃቸዋለሁ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምሬያቸዋለሁ።

ለካህናት አባቶቼና ለሰባኪዎች የማቀርበው ልመና አለኝ። በደጋው ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ፣ በቃለ ሕይወቱም በመካነ ኢየሱሱም፣ ስለ ዕውሩ ሰው ስትሰብኩ እባካችሁ ዝሆኔንም ስሙን ጠርታችሁ ንገሩን። ከአፈር ነው በሉን፤ አይተላለፍም በሉን፤ ጫማ ያደረገ ልጅ አይያዝም በሉን። የጤና ባለሙያ ሲናገረው ምእመኑ ይሰማል፤ እናንተ ስትናገሩት ግን ለጋብቻ አጥንት የሚቆጥረው ሽማግሌ ጭምር ይሰማል። የእኔ ቤተሰብ የሰማው ከእኔ ነበር፤ እኔም የምሰማው ከእናንተ ነበር።

ወንድሜ ሌላ ሴት አግብቶ ወልዶ ከብዶ ይኖራል። ስለዚያ ነገር ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ይህን ጽሑፍ ለሌላ ሰው ከማሳየቴ በፊት እንዲያነበው ሰጠሁት፤ ካልወደደው ላላወጣው ነበር። ጥቂት ቀን አቆይቶ መለሰልኝ። ምንም አልሰረዘም። «አንድ ነገር ብቻ ጨምሪበት» አለኝ። «አንቺ ስትናገሪ እኔም እዚያ ነበርኩ። ደሞዝ ነበረኝ፤ ቤት ነበረኝ፤ ላገባት እችል ነበር። የልጅቷን ጫማ ካንቺ ቀድሜ አይቻለሁ፤ ለምን እንደምታደርገውም ራሷ ነግራኝ ነበር። ዝም አልኩ። እሱንም ጻፊው።»

ጽፌዋለሁ።